ከቤርሼቫ የአንድ ሰዓት መንገድ፦ ራሞን ውስጥ የተኖረው የ«ማርስ» ኑሮ

ማኽቴሽ ራሞንን የማያውቅ የቤርሼቫ ልጅ ያለ አይመስለንም። በትምህርት ቤት ጉዞ ሄደን፣ አፋፉ ላይ ቆመን ፎቶ ያልተነሳን ማን አለ? 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ጥልቀቱ ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። ብዙ ሰው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረው ይመስለዋል፤ ግን ውሃ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት እየሸረሸረ የሠራው ነው።

እዚህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2018 ፌብሩዋሪ ላይ ስድስት እስራኤላውያን ተመራማሪዎች ለአራት ቀን «ማርስ ላይ» ኖሩ። ዲ-ማርስ የሚባለው ድርጅት ያሰናዳው ሙከራ ነበር። ትልቁ ግን በኋላ መጣ። የኦስትሪያ የጠፈር ፎረም ከዲ-ማርስና ከእስራኤል የጠፈር ኤጀንሲ ጋር ሆኖ «አማዴ-20» የተባለውን ሙከራ ለ2020 አቀደ፤ ኮሮና አስተጓጎለውና ወደ 2021 ተዛወረ። ከኦክቶበር 4 እስከ 31፣ እኛ እዚህ ለስግድ ስንዘጋጅ፣ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት እዚያ ውስጥ ተዘግተው ከረሙ። ከመካከላቸው አንዱ አሎን ተንዘር የሚባል እስራኤላዊ ነው፤ ሌሎቹ ከአውሮፓ የመጡ ናቸው።

ታዲያ ኑሮው ምን ይመስል ነበር? መኖሪያዋ ክብ አረፋ የምትመስል ናት። ጠባብ ኩሽናና ተደራራቢ አልጋዎች አሏት፤ አብዛኛው ቦታ የምርምር ዕቃ ነው። ውጪው የኦክቶበር ፀሐይ ነው፣ የምንተነፍሰው አየር ነው፤ ግን ያለ ጠፈር ልብስ መውጣት የለም። ልብሱ 50 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወላጆቻችን ቶሎ እንዲገባቸው፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ድንጋይ ለመልቀም እንደመውጣት ነው። ያንን ለብሰው ድሮን ያበራሉ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሄድ ሮቦት መኪና ይሞክራሉ። ብቸኛዋ ሴት አኒካ ሜህሊስ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ናት፤ ሰው ከምድር ይዞት የሚሄደው ረቂቅ ተሕዋስ ማርስን ይበክል እንደሆነ ታጠና ነበር።

እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። ቡድኑን የሚመራው ማዕከል ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ከተማ ውስጥ ነበር። በስልክ ሃሎ ማለት ይቻል ነበር እኮ! ግን ከማርስ የሚላክ ድምፅ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ሆን ብለው እያንዳንዱን መልእክት 10 ደቂቃ አዘገዩት። ስትጠይቅ 10 ደቂቃ፣ ሲመለስልህ 10 ደቂቃ። በዚህ ዓይነት ወሬ የለም፣ ቀልድ የለም። የሚነገረውን ሁሉ አስበህ በአንዴ ትልካለህ፤ አስቸኳይ ከሆነ ራስህ ትወስናለህ።

ይሄንን ነገር ወላጆቻችን ያውቁታል። በ1984 በሱዳን በኩል የመጡት፣ ጎንደር ለቀሩት ዘመዶቻቸው ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በሰው እጅ ይልኩ ነበር። መልሱ ሲመጣ ወራት አልፎ ነው። «አባባ እንዴት ነው?» ብለው በጠየቁና መልሱ በደረሰ መካከል አባባ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ካሴቱ ላይ ደግሞ ማንም በችኮላ አይናገርም፤ ሰላምታው ብቻ አንዱን ገጽ ይጨርሳል። ሳይንቲስቶቹ «የግንኙነት መዘግየት» የሚሉት ነገር እኛ ሳሎን ውስጥ ብዙ ዓመት ተኖሯል።

ልዩነቱ መዝገቡ ላይ ነው። ከ2010 እስከ 2011 ሞስኮ ውስጥ ስድስት ወንዶች 520 ቀን ተዘግተው ነበር፤ ሙከራው ማርስ-500 ይባላል። እጃቸው ላይ የታሰረ መሣሪያ እንቅስቃሴያቸውን ሌት ተቀን ይለካ ስለነበር፣ እየቆየ እንቅስቃሴያቸው እንደቀነሰና የብዙዎቹ እንቅልፍ እንደተዛባ ዛሬ ማንም ማንበብ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ፣ ሂዩስተን፣ አራት ሰዎች 378 ቀን ኖረው በጁላይ 2024 ወጥተዋል። የእነሱም በዝርዝር ተይዟል። ራሞን ውስጥ የነበሩትም ስሜታቸው ሳይቀር ሲጠና ነበር።

የጠፈር ነገር ለእኛ ሩቅ ነው ለሚል ደግሞ አንድ ነገር እናንሳ። የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን ያደገው እዚሁ ቤርሼቫ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር በኮሎምቢያ መንኩራኩር አደጋ ሞተ፤ መታሰቢያው ማኽቴሹ አፋፍ ላይ፣ ሚጽፔ ራሞን የጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ አለ። ወደ አማዴ የገቡት ስድስቱም በፈቃደኝነት ተመዝግበው፣ ከባድ የአካልና የሥነ ልቦና ፈተና ያለፉ ሰዎች ናቸው። ዜግነታቸው የተለያየ ነው፣ ሙያቸውም እንደዚያው።

እነዚያ ካሴቶች ግን አሁንም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሉ። የካሴት ክር ይበላሻል፤ የተናገሩትም ሰዎች እያረጁ ነው። ወጣቶች፣ እናትና አባታችሁን ጠይቁና ያላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የሚያጫውት ቴፕ ማኅበሩ ቢሮ አለ፣ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን ዋናውን እንመልስላችኋለን። ወላጆች ደግሞ እባካችሁ አብራችሁ ኑ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።