ከወንፈል እስከ ፋብሪካ፦ የአእምሮ አሠራር ልዩነትና የሥራ ኅብረት

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያም እንደሚታወቀው፣ ከባድ የእርሻ ሥራ ለብቻ አይገፋም። በደቦ ባለጉዳዩ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ እንጀራና ጠላ አቅርቦ አጨዳውን በአንድ ቀን ያስፈጽማል፤ በወንፈል ደግሞ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ይመለሳል።

ወንፈል በታሪክ ዓይን ሲመረመር ራሱን የቻለ የሥራ ድርጅት ነው። ማን ለማን ስንት ቀን እንዳለበት ይታወቃል። በዐውድማው ላይ በሬ የሚነዳው፣ በመንሽ የሚያገላብጠውና በላይዳ ለነፋስ የሚሰጠው እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ይውላል። ስለዚህም ጨዋታ የማይሆንለት፣ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት የሚከብደው ሰው እንኳ በእጁ ሥራ ከጓደኞቹ እኩል ሊቆም ይችላል። ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ማሞገስ ብቻ አይገባም፤ በአገራችን እንዲህ ያለው ልጅ የእርግማን ወይም የክፉ መንፈስ ውጤት ነው ተብሎ ከቤት ተደብቆ የኖረበት ጊዜ ረጅም ነው።

ሳይንስም ለዚህ ሁኔታ ስም የሰጠው ዘግይቶ ነው። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943፣ ሐንስ አስፐርገር በ1944 ስለ ኦቲዝም ጽሑፎቻቸውን አወጡ። በኢትዮጵያ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጃቸው ችግር አነሣሥቷቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የኦቲዝም ማዕከል መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም የተደበቁት ልጆች ወደ ብርሃን እንዲወጡ ደከሙ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በበኩሉ የአእምሮ ጉዳትን ጭምር አጠቃልሎ፣ አሠሪው የሥራ ቦታውን ተስማሚ እንዲያደርግ ግዴታ ጣለበት።

ሆኖም ልጆቹ አድገው ሥራ ፈላጊዎች ሲሆኑ ሌላ በር ይዘጋባቸዋል። የዛሬው መሥሪያ ቤት የሥራ ችሎታን ከንግግር ችሎታ ጋር እያምታታ፣ በቃለ መጠይቅ የተንተባተበውን በሥራውም ደካማ አድርጎ ይቈጥረዋል። ራሱም ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስረዳው ግን፣ አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን እንጂ የአንዱ ብቻ ጉድለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ፣ ፋብሪካ ወደ ወንፈሉ አገር ገባ። የሥራውን ቅደም ተከተል የሚነድፈው፣ መመሪያውን የሚጽፈውና ሠራተኛውን የሚመድበው መሐንዲስ ነው። ትእዛዙን በግልጽ ቢጽፍ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ቢለይ፣ ሰውንም በአንደበቱ ሳይሆን በሥራው ቢመዝን፣ ገበሬው በዐውድማ ላይ ሲሠራበት የኖረውን ጥበብ ወደ ፋብሪካው አሸጋገረ ማለት ነው።