የ1923ቱ ሕገ መንግሥትና የጃፓን አርአያ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የተፈረመው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲሆን 55 አንቀጾች ነበሩት። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ይሁንና አብነታቸው ያደጉበት የሩሲያ ሥርዓት ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1889 የታወጀው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር።

ምርጫው ድንገተኛ አልነበረም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያን ድል ስትነሳ የተማሩት ኢትዮጵያውያን ዓይን ወደዚያ ዞረ፤ ጥንታዊ ዙፋኗን ሳትነካ፣ ለባዕድም ሳትገዛ የሠለጠነች አገር ነበረችና። ኋላ የታሪክ ጸሐፊዎች «ጃፓናይዘርስ» ያሏቸው እነዚህ ምሁራን የሌሎቹንም አገሮች ሥርዓት ያውቁ ነበር። የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ግን ንጉሥ የለውም፤ የእንግሊዝ አገዛዝ ደግሞ በአንድ ሰነድ ያልተጻፈ፣ በብዙ መቶ ዓመታት የዳበረ ልማድ በመሆኑ ተቀድቶ የሚወሰድ አይደለም። ጃፓንም ራሷ አብነት ፈልጋ ነበር። የጃፓኑን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ኢቶ ሂሮቡሚ እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ በርሊንና ቪየና ተጉዘው ከሕግ ሊቃውንት ተምረው ሲመለሱ ያመዘነው የጀርመኗ ፕሩሲያ ሥርዓት ነው። አዲስ አበባ የደረሰው ሐሳብ እንግዲህ በቶኪዮ በኩል የመጣ የጀርመን ሐሳብ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁሉም በጥልቀት ያሰቡት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ላይ በታተመው ጽሑፋቸው የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብ እንዲተመን፣ ሕግ ተጽፎ እንዲታወቅ፣ የሃይማኖት ነፃነት እንዲከበር ጠይቀዋል። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ አገርን የሚመዝነው በሕዝቡ ዕውቀትና በሥራው ፍሬ ነው። ይህ ሚዛን ማን ይንገሥ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ወደ ገበሬው ጎተራ የቀረበ ነበር፤ ታላቅነታቸውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱን ሕገ መንግሥታት ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ምን እንደተወሰደና ምን እንደቀረ በግልጽ ያያል። የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥቱን «ቅዱስ» ይላል፤ የኢትዮጵያውም ይህንኑ ይዞ የሰሎሞንን ዘርና ቅብዐ መንግሥትን ጨመረበት። ሁለቱም ሁለት ምክር ቤት አላቸው። በጃፓን ግን የታችኛው ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በሕዝብ ነው፤ ምንም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1890 ድምፅ የሰጡት ቢያንስ 15 የን ቀጥታ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ቢሆኑም። በኢትዮጵያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምቱ ሆኑ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ። የላይኛውን፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። መቼ ይበቃል፣ ማንስ ይበቃል ይላል የሚለውን ሰነዱ አልመለሰም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይህ ነው። በአንጻሩ የመጨረሻው አንቀጽ የመንግሥት ገቢ በዓመታዊ በጀት ብቻ ወጪ እንዲሆን ደንግጓልና የገብረ ሕይወት ጥያቄ ቢያንስ በወረቀት ላይ መልስ አግኝቷል።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን በዓይናቸው ያዩት ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. ነው። «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለው መጽሐፋቸው የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። ብዙም ሳይቆይ በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሁሉንም አቋረጠው።

ሕዝቡ የምክር ቤት አባላቱን በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ቅድስና የሚናገረው አንቀጽ ግን በቦታው ቆየ። ጃፓን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራ ላይ ባዋለችው አዲስ ሕገ መንግሥት ይህን ድንጋጌ ሽራ ንጉሠ ነገሥቷን የአገር ምልክት ብቻ አድርጋ ነበር።