ከማማው በስተጀርባ፦ ርካሽና ፈጣን ገመድ አልባ ኢንተርኔት በቶንጎና በአካባቢው

ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት። ከአሶሳ ተነሥቶ በባምባሲ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ያገኛታል፤ በአንድ ወገን የወለጋዋ ቤጊ፣ በሌላው የሱዳን ድንበር አለ። ስለ እንዲህ ያለ አካባቢ የኢንተርኔት ችግር በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ቶሎ ወደ መሣሪያ ምርጫ ያዘነብላል፤ አራተኛው ትውልድ ሞባይል (4ጂ) ይሻላል? ሳተላይት? ዋይፋይ? በእኔ አመለካከት ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። “ገመድ አልባ” የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። አየር ላይ የሚሄደው ከእጅ ስልክ እስከ ማማው ያለው የመጨረሻው ጉዞ ነው። ማማው ግን ከአገሪቱ ዋና መስመር ጋር በፋይበር ወይም በማይክሮዌቭ መያያዝ፣ ሌት ተቀን መብራት ማግኘት፣ ሲበላሽም ጠጋኝ እንዲደርስለት መንገድ ማግኘት አለበት። የገጠር ኢንተርኔት ዋጋ የሚቆረጠው እዚያ፣ ከማማው በስተጀርባ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር። ይህ ሕዝብ ወደ 50,700 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬት ላይ ተበትኖ ሲሰላ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 15 ሰው ተኩል ገደማ ይደርሳል። በዚያው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን 847,434 ሰዎችን በ1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ይዞ ነበር፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው። አሁን ዙሪያውን 5 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን አንድ ማማ እንትከል። የሚሸፍነው ስፋት 78 ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ጌዴኦ ላይ ከሥሩ 55,000 ያህል ሰው ይኖራል፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላይ ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ተቆጥሮ 1,200። ቆጠራው አርጅቷል፤ ሕዝቡም በሁለቱም ቦታ ጨምሯል። በሁለቱ መካከል ያለው የ45 እጥፍ ልዩነት ግን በመጨመር ብቻ የሚጠፋ አይደለም። ብረቱ፣ ባትሪው፣ ጥበቃው፣ የጥገና መኪናው በሁለቱም ቦታ ያው ነው፤ ወጪውን የሚከፋፈለው ሰው ግን አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። በአገራችን የሞባይል ፓኬጅ ዋጋ በመሠረቱ ለአዲስ አበቤውም ለቶንጎው ገበሬም አንድ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ ሲቀንስ ቅናሹ የመላ አገሪቱ ነበር። ይህ ፍትሐዊ አሠራር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ታሪፉ አንድ ሆኖ ወጪው ሲለያይ ልዩነቱ የትም አይጠፋም። በብር ያልተከፈለው በጥራትና በርቀት ይከፈላል፦ ማማው ይዘገያል፣ ከተተከለም በኋላ ከዋናው መስመር ጋር የሚያያይዘው ቧንቧ ቀጭን ይሆናል፣ ምሽት ላይ ሰው ሲበዛ ገጹ አይከፈትም። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ፣ ፎርም ለመሙላትና ውጤት ለማየት ትራንስፖርት ከፍሎ ወደ ከተማ የሚሄድ የገጠር ወጣት የሚከፍለው የኢንተርኔት ዋጋ በየትኛውም የታሪፍ ሰንጠረዥ ላይ አልሰፈረም።

ዓለም አቀፉ መለኪያም ይህን አያይም። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባስቀመጠው ግብ መሠረት መነሻ የሚሆን የኢንተርኔት አገልግሎት ዋጋ ከወርኃዊው የነፍስ ወከፍ ገቢ 2 በመቶ በታች ከሆነ ርካሽ ይባላል። የነፍስ ወከፍ ገቢ ግን የአገር አማካይ ነው። የማኦና ኮሞ ገበሬ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ገንዘብ የሚያየው እህል ሲሸጥ፣ ማንጎ ሲደርስ ነው። ቀን ተቆጥሮለት የሚቃጠል ወርኃዊ ፓኬጅ ለእንዲህ ያለ ገቢ የተሰፋ ልብስ አይደለም። አንድ ጊዜ በመኸር ከፍሎ ቀን ሳይገደብበት እስኪያልቅ የሚጠቀምበት ዳታ፣ በሜጋባይት ትንሽ ውድ ቢሆን እንኳ፣ ለገበሬው የሚረክስለት ይመስለኛል።

የጀርባው ጥያቄ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳኔትና ስኩልኔት ሲዘረጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችና ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ዲሽ ተገናኝተው ነበር። ፋይበር ባልደረሰበት ዘመን ትልቅ እርምጃ ነበር። ሳተላይቶቹ ግን ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቆሙ ነበሩ፤ ጥያቄው ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ በብርሃን ፍጥነትም ቢሆን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በወረዳኔት ይካሄድ የነበረው የቪዲዮ ስብሰባ የተንጠባጠበው ስለዚህ ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያውን የሚጠግን ሰው ከወረዳው ርቆ ስለነበረም ነው። ከዚያ ዘመን መውሰድ ያለብን ትምህርት ይህ የጠጋኝ ጉዳይ ይመስለኛል። ከምድር 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩት የዛሬዎቹ የስታርሊንክ ሳተላይቶች መዘግየቱን በእጅጉ አሳጥረውታል። በጎረቤት ሱዳንም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ኔትወርክ ሲቋረጥ ብዙ ሰው ከቤተሰቡ ጋር የተገናኘው በእነዚሁ ዲሾች ነበር። ሆኖም መሣሪያውም ወርኃዊ ክፍያውም ውድ ስለሆነ ለአንድ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ለአንድ ጤና ጣቢያ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ወይም አንዱን ዲሽ ለሚጋራ መንደር ሲሆን ግን ስሌቱ ይለወጣል። ስለ ፊኛ ኢንተርኔት የተወራውን አልደግመውም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ኬንያ ላይ አገልግሎት የጀመረው የጉግል እህት ኩባንያ ሉን በጥር 2021 መዘጋቱን አስታውቋል።

ወደ መሬት እንመለስ። የአሶሳ አካባቢ የሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ፣ አገር ነው። ቀርከሃና የእንጨት ደን፣ በተለይ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወራት ቅጠሉ ውሃ ሲይዝ፣ የሬዲዮ ሞገድን ይውጣል፤ የሞገዱ ድግግሞሽ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ የበለጠ ይውጣል። ስለዚህ ቤት ለቤት ለመድረስ እንደ 900 ሜጋኸርዝ ያለው ዝቅተኛ ሞገድ ለገጠሩ ወርቅ ነው፤ ከ2,100 ሜጋኸርዝ ይልቅ ርቆ ይሄዳል፣ ዛፍም ይሻገራል። የሚሸከመው መረጃ ግን ጥቂት ነው። ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ለማገናኘት በተቃራኒው ከፍ ያለው ሞገድ ይመረጣል፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ፣ ዲሽ የተገጠመለት ተራ የዋይፋይ ሬዲዮ ሊበቃ ይችላል። ቬኔዙዌላዊው ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ እ.ኤ.አ. በ2007 በዋይፋይ መሣሪያ ሁለት ተራራዎችን በ382 ኪሎ ሜትር ርቀት አገናኝቷል። ምሥጢሩ የመሣሪያው ጉልበት አልነበረም፤ ሁለቱ ጫፎች በመካከላቸው ጋሬጣ ሳይኖር መተያየታቸው ነው።

መተያየት ሲባል በዓይን መተያየት ብቻ አይበቃም። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት መካከል ላይ የምድር ክብነት፣ በተለመደው የአየር ሁኔታ፣ ወደ 37 ሜትር ይጎብጣል። በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ሞገድ ደግሞ ከመሥመሩ ሥር 15 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ድምሩ 52 ሜትር ነው፤ ሽመሉ ገና አልተጨመረም። ይህን ሁሉ ከሜዳ ላይ በብረት ማማ ማግኘት ውድ ነው፤ የምዕራቡ መሬት ኮረብታ ስላለው ግን ተፈጥሮ ከወጪው ከፊሉን ከፍላልናለች። ከፍታ ላይ አጭር ምሰሶ፣ አንድ የፀሐይ ፓኔል፣ ሁለት ባትሪና ሁለት ሬዲዮ ይበቃሉ። እንዲህ ያለው ጣቢያ የሚፈጀው ኃይል ጥቂት አምፖል ከሚፈጀው አይበልጥም። በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሠራ ሙሉ የሞባይል ማማ ግን በክረምት ጭቃ ነዳጅ የሚያመላልስለት መኪና ይጠብቃል።

የኃይልን ነገር ካነሣን፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ ክልል፣ ጉባ ወረዳ ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ክልሉ የአገሪቱ የብርሃን ምንጭ ሆኗል። ከከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች አናት ላይ የሚሄደው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በውስጡ ፋይበር ይዞ ሊዘረጋ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም እንዲህ ያለ ፋይበሩን ለቴሌኮም ኩባንያዎች ያከራያል። ከፍተኛ የኃይል መስመር በተዘረጋበት ፋይበር አብሮ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ጎደሎው አብዛኛውን ጊዜ ከማከፋፈያው ጣቢያ እስከ ወረዳው ያለው የመጨረሻ እርምጃ ነው።

ይህን እርምጃ ማን ይሂደው? በዓለም ላይ የተሳካላቸው ገጠሮች መልሱን በጋራ ባለቤትነት አግኝተውታል። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ፣ ማንኮሲ በተባለው አካባቢ ነዋሪዎች በዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ እገዛ እ.ኤ.አ. በ2014 ዜንዜሌኒ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የራሳቸውን ገመድ አልባ ኔትወርክ ያንቀሳቅሳሉ። በኔፓል ተራሮች ማሃቢር ፑን መንደሮችን በዋይፋይ አያይዞ እ.ኤ.አ. በ2007 የማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጥቶታል። በካታሎኒያ ጊፊኔት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከገጠር ተነሥቶ አድጓል። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ከአንድ ቦታ ብዙ መጠን ያለው ኢንተርኔት ገዝተው ለብዙ ቤት ማካፈላቸውና ጠጋኙ የመንደሩ ልጅ መሆኑ ነው። እድርን ለሚያውቅ ሕዝብ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የጋራ ንብረት። በዩኒቨርሲቲ በኩል ያለውን ሚና ለመወጣት ደግሞ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ።

አሰፋፈሩም ይረዳል፤ ሁሉም ቦታ ግን አይደለም። በደርግ ዘመን ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች የተተከሉባቸው በአሶሳ ዙሪያ ያሉ፣ እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች ቤቶቻቸው የተጠጋጉ ናቸው፤ አንድ የዋይፋይ ጣቢያ ብዙ ቤት ይደርሳል። በማኦና በኮሞ መንደሮች ግን ቤት ከቤት ይራራቃል። እዚያ የጋራው ቦታ መሆን ያለበት ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ገበያው ነው፤ ቤት ለቤት ለማዳረስ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከፍቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ሁሉን ተደራሽ የማድረግንም ጉዳይ የባለሥልጣኑ ኃላፊነት አድርጎታል። ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን ድሬዳዋ ላይ ጀመረ። ውድድር ግን በተፈጥሮው ሰው ወደበዛበት ይሮጣል፤ ከላይ ያየነው የ1,200 እና የ55,000 ስሌት ለሁለተኛውም ኩባንያ ያው ነው። ያለ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት ክልክል ነው፤ ሆኖም አንድ የቶንጎ ማኅበር ኔትወርክ ለመዘርጋት ፈቃድ ሲጠይቅ የትልቅ ኩባንያ መመዘኛ ሊጠየቅ አይገባም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለማኅበረሰብ ኔትወርኮች ቀለል ያለ የፈቃድ ማዕቀፍ አውጥታለች፤ የእኛም ባለሥልጣን ይህን ቢያደርግ የሚጎዳ ኦፕሬተር አይታየኝም። ሁሉን ተደራሽ ለማድረግ የሚመደብ ገንዘብ ማማ በመቁጠር ፈንታ የጀርባውን መስመር ቢከፍል፣ መስመሩንም ለማንኛውም ፈቃድ ላለው በእኩል ዋጋ ክፍት ቢያደርግ፣ አንዱ ብር ብዙ ሥራ ይሠራል።

የጸጥታውን ጉዳይ ሳያነሡ ስለ ቶንጎ መጻፍ አይቻልም። ከብሉ ናይል ጦርነት ለሸሹ ሱዳናውያን በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የቶንጎ የስደተኞች ጣቢያ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ሳለ ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣ ግጭት ተዘርፎ ተቃጥሏል፤ ስደተኞቹ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደዱ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበረም እናስታውሳለን፤ ከአዲስ አበባ በነቀምት ወደ አሶሳ የሚወስደው ዋና መንገድ የሚያልፈው በዚያው በወለጋ ነው። በአንድ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ኔትወርክ ሰው በጣም በሚፈልገው ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ለጤና ጣቢያውና ለስደተኞች አገልግሎት ቢያንስ አንድ የሳተላይት መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ ይህን እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ካለ የዚያን ጥር ያስታውስ።

መጀመሪያ መሠራት ያለበት ሥራ ትንሽ ነው። በባምባሲና በቶንጎ መካከል ያሉ ከፍታዎች በካርታ ተለይተው፣ ሰው ወጥቶባቸው፣ ሬዲዮ ተይዞ ይለካሉ። ልኬቱ ግን በበጋ መወሰድ የለበትም። በየካቲት፣ ሣሩ ተቃጥሎና ቅጠሉ ረግፎ የሚተያዩ ሁለት ኮረብታዎች በነሐሴ ላይተያዩ ይችላሉ፤ ምሰሶው የሚቆመውም በነሐሴው ቁመት ልክ ነው።