ፍቅር እስከ መቃብር (የሬዲዮ ትረካ)

በአቶ ሐዲስ ዓለማየሁ ተደርሶ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለድ ለኢትዮጵያ ሬዲዮ አድማጭ የቀረበበት ትረካ። ተራኪው የቴአትር ባለሙያው ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ ትረካው የተላለፈውም «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ነበር።

ደራሲው ጎጃሜ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል። ታሪኩም ያንኑ አገር ይከተላል፤ የማንኩሳው በዛብህ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ይሄዳል፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር በፍቅሯ ይወድቃል።

ወጋየሁ ብቻውን ብዙ ሰው ነበር። የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣና ትዕቢት፣ የሌላውን ገጸ ባሕርይ የጉዱ ካሣን የመረረ ሙግት፣ የሰብለን ስስ ድምፅ በአንድ ጉሮሮ እየለየ አሰምቷል። የመጽሐፉ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ለዓይን ሊከብዱ ይችላሉ፤ በእሱ አንደበት ግን ትንፋሽ ያገኛሉ። የትረካው ትልቁ ውለታ ግን ሌላ ነው፦ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም በዛብህን አወቀው፣ አለቀሰለትም። ዛሬም ብዙ አንባቢ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው።