ተራራው የማን ነው? ዕውቀቱስ?

ስለ በረዶ ተራራ ልንጽፍ ነው ስንል አንዳንድ ጓደኞቻችን ሳቁብን። «ደግሞ እናንተ በረዶ የት አያችሁና?» አሉን። እውነታቸውን ነው። እኛ በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር ወርዶ የቤቱን ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ድምፅ ሲወርድ አድሮ ጠዋት አገሩን አልብሶ የሚገኘው አመዳይ ግን ለአብዛኞቻችን በወሬ ብቻ የምናውቀው ነገር ነው። ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ ያየውን ብቻ ይጻፍ ከተባለ ከሰፈሩ አይወጣም። እኛን ያነሣሣን ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰው በበረዶ ተራራ ላይ በሕይወት መመላለስን እንዴት ተማረ? ዕውቀቱስ በማን እጅ ነበር?

ለዚህ የመረጥነው አገር ስኮትላንድ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት ስንልም የነሱን የብርድ ወራት ማለታችን ነው።

የስኮትላንድ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ ቁመቱ 1,345 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚህ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ትበልጣለች። ታዲያ እኛ ከዚያ ከፍ ብለን ተቀምጠን ቡና እየጠጣን ሳለ እነሱ ምን ሆነው ነው በዚያ ከፍታ የሚሞቱት? ነገሩ ወዲህ ነው፤ አገሩ ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበ ነው፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው ማዕበል በቀጥታ ያገኘዋል፣ በኅዳር መጨረሻ ቀኑ ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በኬርን ጎርም ተራራ ራስ ላይ በ1986 የተለካው ነፋስ በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር ነበር። እንዲህ ያለው ነፋስ በረዶውን ከመሬት እያነሣ ሲበትነው ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ይሆናሉ። ሰው እግሩ ሥር ገደል ይኑር ሜዳ አይለይም። ይህን ነጭ ጨለማ ብንለው ያስኬዳል።

ተራራውን ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እረኞችና አዳኞች ነበሩ፤ ስማቸውን ግን የጻፈው የለም። የተጻፈው ታሪክ የሚጀምረው ከጌቶቹ ነው። በ1889 ግላስጎው ላይ የስኮትላንድ የተራራ መውጣት ክበብ ተመሠረተ። አባላቱ ጊዜም ገንዘብም የተረፋቸው ሰዎች ነበሩ። መቼም ሥራቸውን መካድ አይገባም። ከመሥራቾቹ አንዱ ዊልያም ኔይስሚት በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራበታል፦ ለአምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አንድ ሰዓት፣ ለስድስት መቶ ሜትር ያህል ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ቀኑ አጭር በሆነበት አገር ይህች ትንሽ ሒሳብ ነፍስ ታድናለች። ዳሩ ግን ዕውቀቱ የሚተላለፈው ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ነበር። ሴቶች በ1908 የራሳቸውን ክበብ አቋቋሙ፤ የወንዶቹ ክበብ በሩን የከፈተላቸው ገና በ1990 ነው!

የክበቡን በር ያላንኳኩ ሰዎች ደግሞ በሌላ በኩል መጡ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ በክላይድ ወንዝ ዳር ያሉት የመርከብ መሥሪያዎች ጸጥ አሉ። በክላይድባንክ ኋላ ኩዊን ሜሪ የተባለችው ትልቅ መርከብ ከ1931 መጨረሻ እስከ 1934 ድረስ በጅምር ቆማ ቀረች። ሥራ አጡ ወጣት ግን እቤቱ አልተኛም። ክሪያ ዱ የተባለው የሠራተኞች የተራራ ክበብ በ1930 የተቋቋመው በዚችው ከተማ ነው። እነዚህ ልጆች መኪና እየለመኑ ሄደው ቋጥኝ ሥር አደሩ። ገንዘብ ከፍለው የሚያመጡት መንገድ መሪ አልነበራቸውም፤ አስተማሪያቸው ቀድሞ የሞከረው ጓደኛቸው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በኬርንጎርም ተራሮች ሥር ግሌንሞር ሎጅ የተባለው ማሠልጠኛ ተከፈተ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ ምን ይማሩ ኖሯል?

ትምህርቱ የሚጀምረው ከመውደቅ ነው። አሠልጣኙ ተማሪዎቹን ከሥሩ ድንጋይም ገደልም ወደሌለበት ቁልቁለት ይወስድና «በሉ ተንሸራተቱ» ይላቸዋል። መጀመሪያ እግር ወደ ታች፣ በኋላ በጀርባ፣ በመጨረሻ ጭንቅላት ወደ ታች። ተማሪው አንድ ወገኑ እንደ ዶማ የሾለውን የበረዶ መጥረቢያ አንድ እጁን ከአናቱ፣ ሌላውን ከእጀታው ጫፍ አድርጎ ይይዝና በደረቱ ይጫነዋል፤ ሹሉ በረዶው ውስጥ ይቀበርና ያቆመዋል። ክራምፖን የሚባለውን ባለጥርስ ብረት ከጫማው ሥር ካሰረ ደግሞ እግሩን ማንሣት አለበት፤ ጥርሱ በረዶውን ከነከሰ ሰውየውን ገልብጦ ይወረውረዋል። ይህን ደጋግሞ ደጋግሞ ይሠራዋል። ለምን ቢሉ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ማሰቢያ ጊዜ የለም።

ቀጥሎ ኮምፓስ አለ። ተማሪው መቶ ሜትር ለመሄድ ስንት እርምጃ እንደሚፈጅበት አስቀድሞ ይቆጥራል፤ በነጭ ጨለማ ውስጥ ርቀቱን የሚያውቀው በዚህ ነውና። ነፋሱ በረዶውን ከአንዱ ወገን ጠርጎ በሌላው ወገን እንደሚከምረው፣ ያ ክምርም የሰው ክብደት ሲያርፍበት ተሰንጥቆ ናዳ እንደሚሆን ይማራል። በረዶ ቆፍሮ ማደርን ይማራል። ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ግን የመጨረሻው ነው፦ መመለስ። ጫፉ እየታየ «ዛሬ አይሆንም» ማለት።

የዚህ ትምህርት ዋጋ የታወቀው በ1971 ነው። ኖቬምበር 20 ቀን ከኤድንብራ የመጡ ተማሪዎች ሁለት ቡድን ሆነው ወደ ኬርንጎርም አምባ ወጡ። ሐሳባቸው አምባው ላይ ከነበሩት ትናንሽ መጠለያዎች በአንደኛው ለማደር ነበር። አየሩ ተበላሸ። ጠንካራው ቡድን እንደ ምንም መጠለያው ደረሰ። ሁለተኛው ቡድን ውስጥ በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ያሉ ስድስት ልጆችና ሁለት መሪዎች ነበሩ፤ ዋናዋ መሪ በእኛ ዕድሜ ያለች የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ለስላሳው በረዶ እግራቸውን ያዘው፣ መሸባቸው፣ ሜዳ ላይ ቀሩ። ሁለት ሌሊት አደሩ። ሰኞ ዕለት ሄሊኮፕተር መሪዋን አገኛት፤ እርዳታ ፍለጋ በእጅና በእግሯ እየዳኸች ነበር። ጓደኞቿ የት እንዳሉ በተቆራረጡ ጥቂት ቃላት ተናገረች። አምስት ልጆችና ረዳት መሪዋ ሞተዋል። የተረፉት እሷና አንድ ልጅ ብቻ ናቸው።

በ1972 ሸንጎ ተቀምጦ ጉዳዩ ተመረመረ። ትልቁ ክርክር የመጠለያው ነገር ነበር። አንዱ ወገን «መጠለያ ነፍስ ያድናል፤ ይቆይ» አለ። ሌላው «የለም፤ በማዕበል ቀን በረዶ ውጦት የማይገኝ ቤት ሰውን ወደ አደጋ ይጠራል» አለ። በመጨረሻ መጠለያው በ1975 ፈረሰ። እኛ ስናነበው መጀመሪያ ግራ ገባን። ቤት ማፍረስ ሰው ማዳን ይሆናል እንዴ? ነገር ግን ካርታ ላይ ያለ ቤት ደካማውን «ትንሽ ግፋ፣ ደረስክ» የሚለው ከሆነ፣ ከቤቱ ይልቅ የመመለስ ዕውቀት ይሻላል ማለት ነው።

ሌላ ጥያቄም ነበር፤ ልጆችን ከክረምት ተራራ ማገድ አይቀልም ወይ? ይቀል ነበር። ታግደው ቢሆን ኖሮ ግን ተራራው ለባለጊዜዎቹ ብቻ በተመለሰ ነበር። የተመረጠው መንገድ ልጆችን የሚመራ ሰው በሚገባ እንዲሠለጥን መጠየቅ ነው። በ1988 ደግሞ የናዳ አደጋን ለሕዝብ የሚያስታውቅ አገልግሎት ተጀመረ። ድሮ ወዳጅ ለወዳጁ በጆሮው የሚነግረው ነገር ለማንም መንገደኛ የሚነገር ሆነ።

አንድ ሰው አንሥተን እናብቃ። ጆን ከኒንግሃም የክሪያ ዱ ልጅ፣ የመርከብ መሥሪያ ሠራተኛ ነበር። በኋላ ግሌንሞር ሎጅ ገብቶ አስተማሪ ሆነ። በ1970 ገደማ ደረጃ ሳይጠርቡ በክራምፖን የፊት ጥርስ ብቻ ቀጥ ያለ በረዶ መውጣትን በስኮትላንድ ካስፋፉት አንዱ እሱ ነው። በ1980 በዌልስ ባሕር ዳር ሲያስተምር ማዕበል የወሰዳትን ተማሪ ለማዳን ሲል ሰጥሞ ሞተ።

ማንም ሳያስተምረው የተማረ ሰው፣ ሌላው እንደ እሱ በመከራ እንዳይማር ብሎ አስተማሪ ሆነ። ለጥያቄያችን ያገኘነው መልስ ይኸው ነው። በር መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ በሩን ከፍቶ ዕውቀቱን መንፈግ ሰውን ወደ ገደል መግፋት ነው። ብልህ ከሌላው፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል። ዳሩ ግን ብልሁ ከሌላው እንዲማር ያ ሌላው ያወቀውን ሳይደብቅ መናገር አለበት። እኛም ነገ አስተማሪ ስንሆን መጀመሪያ ልናስበው የሚገባን ይህን ነው።