ትርፍ ወይስ ትራፊ?

አንድ ቤት በ3 ሚሊዮን ብር ዕዳ ተይዞ ሐራጅ ወጣ እንበል። ተጫራቾች ተሻምተው 4 ሚሊዮን አደረሱት። የ1 ሚሊዮኑ ስም ማን ነው? “ትርፍ” ያለ ሰው አበዳሪውን እያሰበ ነው፤ “ትራፊ” ያለ ደግሞ ባለዕዳውን። ቃላቱ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እናታቸው የግእዙ “ተርፈ” ነው፤ ቀረ፣ ከሚበቃው በላይ ሆነ ማለት ነው። ተረፈ ኤርምያስም በስሙ የኤርምያስ ቀሪ እንደማለት ነው። አማርኛ ግሱን ብዙ ሥራ ሰጠው። ከሞት ያመለጠ ተረፈ፤ ከማዕድ የቀረው ትርፍራፊ፣ ከአዝመራ የቀረው ገለባ ተረፈ ምርት ሆነ። ነጋዴውም ወጪውን ቀንሶ እጁ ላይ የቀረውን ትርፍ አለው። ትርፍ እንግዲህ የገበያ ቃል ቢሆንም ውስጡ ያለው ቅሪት ነው።

“መያዣ”ም እንዲሁ ልብ ይሏል። ከ“ያዘ” (በግእዝ “አኀዘ”) የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ መቁረጫ መቁረጥን፣ መክፈቻ መክፈትን እንደሚያገለግል መያዣም መያዝን ያገለግላል። መውሰጃ አልተባለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3060 ይህንኑ ይጠብቃል፤ አበዳሪው ሕጋዊው ሥርዓት ሳይፈጸም ንብረቱን እንዲረከብ ወይም እንዲሸጥ ዕዳው ከመድረሱ በፊት የተደረገ ስምምነት አይጸናም። በወለድ አገድም ቢሆን አበዳሪው የሚበላው የመሬቱን ፍሬ ነው። ፍሬው ወለዱን አገደው፤ መሬቱ ግን የባለቤቱ ነው።

ነገሩ ከአንድ ቤት ወደ ቦንድ ሲያድግ ቃላቱም ይበዛሉ። “ቦንድ” በእንግሊዝኛ ከማሰር የመጣ ነው። በአሜሪካ ውሉ ራሱ “ኢንደንቸር” ይባላል፤ ሥሩ የላቲን “ጥርስ” ነው። ጥንት ውሉ በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና በጥርስ ቅርጽ ለሁለት ይቆረጥ ነበር፤ ሁለቱ ቁራጮች ከገጠሙ ውሉ እውነተኛ ነው።

በዚህ ውል ብዙ አበዳሪዎችን ወክሎ መያዣውን የሚጠብቀው ባለአደራ ነው። መያዣው ሲሸጥ ገንዘቡ በተራ ይወርዳል፦ በተለምዶ በመጀመሪያ የባለአደራው ወጪና ክፍያ፣ ቀጥሎ የቦንድ ባለቤቶቹ ወለድና ዋና ገንዘብ፣ ከዚያም ከእነሱ በታች መያዣ ያላቸው ካሉ የእነሱ ድርሻ። የተረፈው ለባለዕዳው ድርጅት ወይም በሕግ ለሚገባው ይመለሳል። የገንዘብ ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል “ፏፏቴ” ይሉታል። ሮማውያንም ከመያዣ ሽያጭ የተረፈውን “ሱፐርፍሉም”፣ ሞልቶ የፈሰሰ ብለውታል። እኛም ስለ ሀብት ስናወራ “ሞልቶ ተርፏል” እንላለን።

የሞላው ግን የማን ዕቃ ነው? መልሱ ያለው በተቃራኒው ቃል ውስጥ ነው፤ “ጎደለ”። ያ ቤት በ4 ሚሊዮን ፈንታ 2 ሚሊዮን ብቻ ቢያወጣ የቀረው 1 ሚሊዮን ከባለዕዳው ጫንቃ አይወርድም ነበር። የአበዳሪው ትርፍ በውሉ የተነገረው ወለድ ነው፤ ቤቱ 4 ሚሊዮን ሲያወጣ እሱን ከነዋናው ተቀብሏል። ለጎደለው የሚጠየቅ ሰው የተረፈውን ሊጠይቅ ይገባዋል። ስለዚህ ከ4 ሚሊዮኑ የተረፈው 1 ሚሊዮን ትራፊ ነው።