ኩሬው፣ ፍርድ ቤቱና ማኅተሙ፦ የሽሪምፕ እርባታ የምስክር ወረቀት አመጣጥ

ሽሪምፕን በኩሬ ማርባት የቆየ ሙያ ነው። በደቡብ ሕንድ ኬራላ ግዛት ጨው የሚቋቋመውን የፖካሊ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬዎች፣ በዝናቡ ወራት የደረሰውን እህል ካጨዱ በኋላ የባሕሩን ሙላት ወደ ማሳቸው እያስገቡ፣ ከውኃው ጋር የገባውን ደቃቅ ሽሪምፕ አሳድገው ያጠምዱ ነበር፤ በጃቫ ደሴትም ታምባክ የተባሉ የዳርቻ ኩሬዎች ለተመሳሳይ ሥራ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሞቶሳኩ ፉጂናጋ በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሽሪምፕን ከዕንቁላል ጀምሮ በሰው እጅ ማሳደግ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ግን፣ ጫጩቱ ከማስፈልፈያ ጣቢያ፣ መኖው ከፋብሪካ የሚቀርብለት ኢንዱስትሪ ቀስ በቀስ በእስያና በላቲን አሜሪካ ተስፋፋ።

ኢንዱስትሪው በብዙ ቦታ መሬቱን ያገኘው ማንግሮቭን መንጥሮ ነው። ማንግሮቭ የባሕርና የወንዝ ውኃ በሚቀላቀልበት ረግረግ የሚበቅል፣ ለዓሣ መራቢያና ለማዕበል መከታ የሚሆን ደን ሲሆን፣ ከታይላንድ እስከ ኢኳዶርና ሆንዱራስ ድረስ ሰፊ ይዞታው ወደ ኩሬነት ተለውጧል። ትርፉም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከዓለም ቀዳሚ አምራቾች አንዷ የነበረችው ታይዋን በ1988 በበሽታና በውኃ ብክለት ምክንያት ምርቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሲሶው ገደማ አሽቆለቆለ።

የመጀመሪያው ብርቱ መልስ የመጣው ከችሎት ነው። የመሬት ልገሳ ንቅናቄ አንጋፋ የነበሩት የታሚል ናዱው ኤስ. ጃጋናታን ባቀረቡት አቤቱታ መነሻነት፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 መጨረሻ፣ ከባሕሩ ከፍተኛ የሙላት መስመር 500 ሜትር ድረስ ባለው የዳርቻ ክልል የተሠሩ የንግድ ኩሬዎች እንዲፈርሱ፣ የበከለም ካሳ እንዲከፍል ወሰነ፤ እንደ ኬራላው ያለውን ነባር አረባብ ግን ከክልከላው ነፃ አደረገ። ይህ ልዩነት ከብዙዎቹ የኋለኛ የምስክርነት መስፈርቶች ይልቅ አስተዋይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ፍርዱ ሙሉ በሙሉ ሳይፈጸም ቆይቶ፣ በ2005 የወጣ ሕግ የዳርቻ እርባታን ከክልከላው አወጣው።

ሁለተኛው መንገድ በገበያ በኩል የተጠረገው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ1995 ያወጣው ኃላፊነት የተሞላበት የዓሣ ሀብት ሥነ ምግባር ደንብ ስለ እርባታ የሚናገር አንቀጽ ቢኖረውም፣ መከተሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለነበር አስገዳጁ ሥልጣን ለምርቱ ገዢዎች ቀረ። የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ተከራካሪው ደብሊው ደብሊው ኤፍ ከ2004 ጀምሮ አርቢዎችን፣ ሳይንቲስቶችንና ነጋዴዎችን ያወያየባቸው መድረኮች ስታንዳርዶችን፣ ማለትም እርባታው ሊያሟላቸው የሚገቡ የተጻፉ መስፈርቶችን፣ አስገኙ፤ እነዚህንም የሚያስተዳድረው ኤ ኤስ ሲ የተባለ ምክር ቤት በ2010 ከኔዘርላንድስ የዘላቂ ንግድ ተቋም ጋር በመተባበር ተመሠረተ። ምክር ቤቱ ራሱ መርማሪ አይደለም፤ ኩሬውን የሚመረምረውና የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ሌላ ገለልተኛ ድርጅት ነው፤ የምርመራውን ዋጋ የሚከፍለው ግን አርቢው ነው።

በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የሽሪምፕ ስታንዳርድ ለማንግሮቭ ያበጀው የጊዜ ወሰን የነገሩን ዋና ቁም ነገር ያሳያል። ስለ ረግረግ መሬቶች የተፈረመው የራምሳር ስምምነት አባል አገሮች በሜይ 1999 በኮስታ ሪካ ያሳለፉትን ውሳኔ መነሻ በማድረግ፣ ከዚያ ወዲህ ማንግሮቭ ተመንጥሮ የተሠራ ኩሬ ምስክርነት እንዳያገኝ ሲከለክል፣ ከዚያ በፊት የተሠራው ግን ደን መልሶ በማልማት ጉዳቱን ካካካሰ በሩን ከፈተለት። ወሰኑ ለአዲስ ምንጠራ መሰናክል መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ደኑን ያጡት የዳርቻ ነዋሪዎች ድርጅቶች ገና በውይይቱ ወቅት የተቃወሙት ይህንኑ ይቅርታ ነበር፤ ዓሣ ያጠምዱበት የነበረው ቦታ ሳይመለስ ባለኩሬው በምስክርነቱ ማኅተም መከበሩን አልተቀበሉትም። ለአነስተኛ አርቢዎች ደግሞ ወጪው ራሱ አጥር ስለሆነባቸው፣ ምክር ቤቱ ዘግይቶ በቡድን መመርመርን ፈቀደ፤ በዚህ አሠራር ብዙ ኩሬዎች በአንድ የምስክር ወረቀት ሥር ይጠቃለላሉ፣ የአባላቱን መዝገብ የሚይዝና መስፈርቱን መጠበቃቸውን የሚከታተልም አንድ አስተባባሪ ይኖራቸዋል።